ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ታሪክ የራሴ ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ይልቁንም የሚያሳፍረኝ ያጠፋሁት በተማርሁበትና በማስተምረው ነገር መሆኑ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ በቅርብ ጊዜ የተቀጠራችሁ ሠራተኞች ናችሁ። ማታ ወደ ቤት ስትገቡ እናት፣ አክስት ወይም የቤት አከራይ «ዛሬስ ምን ተባለ?» እያሉ የሚጠይቁት እናንተን ነው። ስለዚህ ነገሩ እኔን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም።

ከኮሌጅ ወጥቼ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ የተመደብሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ በብርድ ይንዘፈዘፋል፤ ዋሻውን አልፎ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን ሸሚዙም ይከብደዋል። ይህ የይፋት ቆላ ነው፤ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚበቅልበት አገር ነው። በገበያ ቀን አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። የሚለዋወጡትም ፍየልና እህል ብቻ አይደለም፤ ወሬም ይለዋወጣሉ።

በተከራየሁበት ግቢ ወሬ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው። አንደኛው የአከራዬ የእማማ ራዲዮ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ እጀታው ተሰብሮ በክር የታሰረ፣ ከመስኮቱ ላይ የማይነሣ ራዲዮ ነው። ሁለተኛው የእኔ የእጅ ስልክ ነው። ሦስተኛው ገበያው ነው። አራተኛው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከማንጎው ጥላ ሥር እየመጡ የሚቀመጡት ጎረቤታችን አባባ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ፣ በልጅነታቸው በማጀቴ ከብት የጠበቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ግን የተማርሁ ነኝና ከአራቱ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ስልኬ ነው ብዬ አምን ነበር። ግቢውም እንደ እኔ አመነ። እማማ በራዲዮ የሰሙትን እንኳ «እስቲ ባንተ ስልክ ምን ይላል?» ብለው ሳይጠይቁ አይቀበሉትም ነበር።

እንግዲህ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥቂት ጋብ ብሎ ቆይቶ በታኅሣሥ እንደገና በረታ። ምክንያቱን ሊቃውንት አስረድተውታል፤ በስምጥ ሸለቆው ሥር፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ የቀለጠ ዐለት ከጥልቁ ተነሥቶ መሬቱን እንደ ሽብልቅ እየሰነጠቀ ይገባ ነበር። የመሬቱ ገጽ መንቀሳቀሱም ከሳተላይት በተነሣ የራዳር ሥዕል ታይቷል። ታኅሣሥ 25 ቀን ከዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና አቧራ በኃይል እየተተፋ ሲወጣ ታየ፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉም ወዲያው ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ አገሩን አዳረሰ። በማግሥቱ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ መጠኑ 5.8 ያህል የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። ዶፈን ከእኛ ከተማ በስተ ደቡብ በወፍ መንገድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲያም ሆኖ አልጋዬ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ሲንገጫገጭ ከእንቅልፌ ነቃሁ። ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ውሾች ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን እየጎተተ ወደ ደጅ ወጣ።

እሑድ ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከትናንቱ የባሰ መንቀጥቀጥ ይሆናል፤ እሳተ ገሞራው ይፈነዳል፤ የይፋት ቆላ ሕዝብ በቶሎ ወደ ደጋ ይውጣ፤ ይህንንም የውጭ አገር ሊቃውንት አረጋግጠዋል የሚል ነበር። የጻፈው ማን እንደሆነ አልተገለጸም። ሊቃውንቱ እነማን እንደሆኑም ስም አልተጠራም። እማማ ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው «ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም አነበብሁላቸው።

«ያነበብሁት የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው፤ እኔ ከራሴ ምንም አልጨመርሁም» ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር። ዳሩ ግን ያነበብሁት በክፍል ውስጥ መጽሐፍ በማነብበት ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ለግቢው ሰው ማኅተም ነበር። የምድር መንቀጥቀጥ ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጦ አስቀድሞ ሊታወቅ እንደማይችል ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በዚያች ሰዓት ግን ፍርሃቴ ዕውቀቴን ቀደመው።

በዚህ ላይ አባባ ከማንጎው ሥር ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሃምሳ ሦስትም እንዲሁ ነበር» አሉ። «ትንሽ ትንሹ እየመጣ ሲያስለምደን ሰነበተና ትልቁ ኋላ በሌሊት መጣ።» አባባ አልዋሹም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ለብዙ ቀን ተንቀጥቅጧል። ማጀቴ ፈርሳለች፤ ከካራ ቆሬ ቤቶች እኩሌታ ያህሉ ወድቀዋል፤ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚወስደው ዋና መንገድ ተሰነጣጥቋል። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰውም ቤት አልባ ሆኗል። አባባ ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት እረኛ ነበሩ።

ስልኩ «ዛሬ ሌሊት ነው» አለ፤ ሽማግሌው «ትልቁ ኋላ ነው የሚመጣው» አሉ። አዲሱም አሮጌውም አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሁለት ምስክር ተገኘ ተባለ። ከዚህ በኋላ ማን ይጠራጠር?

እማማ ለገና ገበያ ሁለት ሙክት ቀልበው ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ገለባ እየሰጡ፣ አተላ እየለመኑ ነው ያደለቧቸው። ከሽያጩ ገንዘብ ደብረ ብርሃን ለምትማረው የልጅ ልጃቸው የቤት ኪራይ ሊልኩ አስበዋል። ያን ዕለት ግን «ነገ ገበያ መኖሩን ማን ያውቃል? ወደ እኅቴ ወደ ደብረ ሲና ልውጣ» አሉና በሰፈሩ ለሚዞር አንድ ነጋዴ ሁለቱንም በእኩሌታ ዋጋ ሸጡለት። ነጋዴው ወሬውን ከእኛ በፊት ሰምቶት ኖሮ ከግቢ ወደ ግቢ እየዞረ ይገዛ ነበር። እርሱ ወደ ደጋ ለመውጣት አልቸኮለም።

ሲመሽ መኪና ስላልተገኘ እማማ ከእኛው ጋር ቀሩ። ሌሊቱን ሁላችንም ደጅ አደርን። 8 ሰዓት ሆነ፤ 9 ሰዓት ሆነ፤ ሰንብቶ እንደ ለመድነው መሬቱ ጥቂት ከመነቃነቁ በቀር የሆነ ነገር አልነበረም። ሲነጋ ማንም ምንም አልተናገረኝም። እማማ ባዶውን በረት አይተው መጥረጊያቸውን አነሡና ግቢውን ጠረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ የገና ዋዜማ ነው። ወደ ገበያ ወጥቼ የሙክት ዋጋ ጠየቅሁ፤ የነገሩኝንም ስሰማ ምነው ባልጠየቅሁ አሰኘኝ። በዚያው አልፎ አልፎ ቅቤ የምገዛውን አንድ አፋር አገኘሁትና ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ዶፈን ፈነዳ ይባላል፤ እውነት ነው?» አልሁት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ዱላውን አስተኝቶ ተቀመጠ፤ እኔንም አስቀመጠኝ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዐት እንዳላቸው አንዳንዶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው ወይም ተቀምጠው ወሬ ይቀባበላሉ። አንዱ በመንገዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ በተራ ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ እየጠየቀም ያጣራል፤ ከዚያም ተራው የእርሱ ይሆናል። ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ በሽታ፣ ስለ ሰላሙ፣ ያገኙት እንግዳ ማን እንደሆነ፣ ሁሉ ይነገራል። ሰው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ዳጉን ያጣመመ ሰው ከወገኑ ዘንድ ክብሩን ያጣል። በበረሃ ውስጥ «እዚያ ውሃ አለ» ብሎ የዋሸ ሰው ከብትም ሰውም ይገድላልና ሕጉ መጥበቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰውየውም እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ዶፈንን በዓይኔ አላየሁም። ያየው የእኅቴ ባል ነው፤ ትናንት በስልክ ዳጉ ነገረኝ። ከመሬት ውስጥ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣል፤ ትኩስ ውሃና ጭቃም ወጥቷል። መሬቱ ተሰንጥቋል። እሳት ሲፈስ ግን አላየም። ሕዝቡ ወደ ድንኳን እየሄደ ነው፤ ከብቱን አርቀውታል። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። አሁን አንተ ንገረኝ።»

ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ሌሊቱ 8 ሰዓት የተጻፈውን ነገርሁት። ጸጥ ብሎ አዳመጠኝና «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» አለኝ።

«የሰማሁት ነው።»

«ከማን?»

ዝም አልሁ። እርሱም አልሳቀብኝም፤ አልገሠጸኝምም። ዱላውን አንሥቶ ስለ ፍየሎቹ ዋጋ ማውራት ጀመረ። የነገርሁት ነገር ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው ወሬ እንዳልሆነ ገባኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በልቤ የተመላለሰው አንድ ነገር ነው። ሰውየውም ወሬውን ያገኘው በስልክ ነበር! የእርሱ ስልክ ከእኔ ስልክ በምንም አይሻልም፤ እንዲያውም የመስተዋቱ ፊት የተሰነጠቀ ነበር። የለየን መሣሪያው አይደለም። እርሱ አዲሱን መሣሪያ በአባቶቹ ሕግ ያዘው፤ እኔ ግን ያለ ምንም ሕግ ያዝሁት። ብዙ ጊዜ «ስልክ ሕዝቡን አበላሸው» የሚሉ ሽማግሌዎችንና «የድሮ ወሬ ሁሉ ተረት ነው» የሚሉ ወጣቶችን እሰማለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም ነገሩን የሳቱት ይመስለኛል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አራቱንም በሮች እንደገና አንኳኳሁ። በዚህ ጊዜ ግን ለእያንዳንዱ የሚገባውን ጥያቄ ብቻ አቀረብሁ። ስልኬን «ስንት ነው? የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ መሣሪያ የለካውን መጠንና ቦታውን አሳየኝ፤ ርቀቱንም በካርታ ለካሁ። ራዲዮውን «መንግሥትና ሊቃውንት ምን አሉ?» ብዬ አዳመጥሁት፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ለአደጋው ከቀረቡ ቀበሌዎች ሕዝብ እየወጣ መሆኑን ሰማሁ፤ ሸዋ ሮቢትን ልቀቁ ያለ ግን አልነበረም። በቦታው ያለውን ነገር አፋሩ ከገበያ ነግሮኛል። አባባን ደግሞ «ትልቁ መቼ ይመጣል?» ማለቱን ትቼ «በሃምሳ ሦስት ሰውን የጎዳው ምን ነበር? ምንስ አዳነው?» አልኋቸው።

አባባ ያን ጊዜ የተናገሩት በጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ አልነበረም። «ልጄ፤ መሬት ሰው አይገድልም፤ ግድግዳ ነው የሚገድል» አሉ። ጭቃ የበዛበት የድንጋይ ቤት ቀድሞ እንደሚወድቅ፣ የእንጨቱ ጎጆ ግን እንደሚወዛወዝና እንደሚቆም ነገሩኝ። ከካብ ሥር አለመተኛት፣ ምድጃውን ማጥፋት፣ ከብቱን ከገመድ መፍታት ይገባል አሉ። ቀኑን ስጠይቃቸው የሰማሁት ትዝታቸው ጎድቶን ነበር፤ ዘዴውን ስጠይቃቸው ግን ያው ትዝታ ጠቀመን። በዚያው ማታ ከካቡ አጠገብ የነበረውን የእማማን መደብ ወደ መሐል ግቢ አዛወርነው።

ከአራቱ አንዳቸውም «መቼ?» ለሚለው መልስ አልነበራቸውም። መልሱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለምና ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ብሎ የጻፈው ሰው ያታለለን ሌላው ሁሉ ዝም ያለበትን ጥያቄ እርሱ ብቻ ስለ መለሰልን ነው።

ይህን ሳስብ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ቄስና ሊቅ ትዝ አሉኝ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያን ያቋቋሙ እርሳቸው ናቸው። ያ ጣቢያ አድጎ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2017ም ሕዝቡ በራዲዮና በቴሌቪዥን ማብራሪያ የሰማው ከዚሁ ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ነው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። መሣሪያቸውን ብቻ ቢይዙ ኖሮ መጽሐፉ የሃያ ዓመት ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ጽሑፍ እየመረመሩ፣ ጸሐፊው በቦታው ነበረ ወይስ ከሌላ ሰማ እያሉ፣ ዘመናትን ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብሁት ዳጉ በመጽሐፍ መልክ ነው ብዬ ነው።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በኢንዶኔዥያ ሲመሉዌ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. ከምድር መንቀጥቀጥ በኋላ ባሕሩ ተነሥቶ ብዙ ሰው አጠፋ። የተረፉት «ምድር ሲናወጥ፣ ባሕሩም ወደ ኋላ ሲሸሽ ወደ ኮረብታ ሩጡ» የሚለውን ነገር በተረትና በእንጉርጉሮ ለልጆቻቸው አወረሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 ያ ታላቅ ማዕበል ሲመጣ ከደሴቲቱ 78,000 ያህል ሕዝብ የሞቱት ሰባት ብቻ ነበሩ። ተረቱ ቀን አልቆረጠም፤ ምልክቱን ነገረ፤ የሚደረገውንም ነገረ። የአባባም ትዝታ ዋጋው በዚህ ላይ ነበር፤ እኛ ግን ትንቢት አደረግነው።

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መሬቱ እንደገና ተናወጠ፤ መጠኑ 6 ነበር። ሁላችንም ወደ መሐል ግቢ ወጣን። ስልኬ በአፍታ ውስጥ በጽሑፍ ተሞላ። እማማ በጨለማው ውስጥ ወደ እኔ ተጠግተው እንደ ልማዳቸው «ምን ይላል?» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጥያቄያቸው ተለውጦ ነበር። ስለ ገበያው ሰውዬ ከነገርኋቸው ቀን ጀምሮ ያ ቃል የእርሳቸው ሆኗል።

«ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» አሉኝ።

«መጠኑንና ቦታውን መሣሪያ የለካው ነው፤ ከአዋሽ በኩል ነው፤ ከእኛ ይርቃል። የቀረው ማን እንደጻፈው አይታወቅም» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ የቀረውን አታንብብልኝ» አሉ።

የሙክቶቹን ነገር ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የጎደለውን ዋጋ በየወሩ ከኪራዩ ጋር ጥቂት ጥቂት እየጨመርሁ ከፈልሁ። እማማ «ይቅር፣ ግድ የለም» ሳይሉ ቆጥረው ተቀበሉኝ። እንዲህ በማድረጋቸውም አከበርኋቸው፤ ወሬ ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማንም አላስተማረኝም። በክፍሌም ተማሪዎቼ በሳምንት አንድ ቀን የሰሙትን ወሬ በደብተራቸው በሦስት ረድፍ ይጽፋሉ፤ ያየሁት፣ ካየ ሰው የሰማሁት፣ ከማን እንደሆነ የማላውቀው። ሦስተኛው ረድፍ ሁልጊዜ ረጅም ነው። ተማሪዎቹም ራሳቸው ይስቁበታል።

እናንተም አንባቢዎቼ፤ ዛሬ ማታ አንድ ሰው «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ማንበብ የምትችሉ እናንተ ስለ ሆናችሁ ድምፃችሁ ማኅተም ነው። በእናንተ ንባብ ላይ ተመሥርቶ ሙክት የሚሸጥ፣ ቤቱን ዘግቶ የሚሰደድ፣ ከጎረቤቱ የሚጣላ ሰው አለ። ከማንበባችሁ በፊት ያን የአፋር ጥያቄ መጀመሪያ ለራሳችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁለት እንደ እኔ አትቸኩሉ፤ ስልካችሁን ወደ ኪስ መልሱና ቡናውን ጠጡ።